ለብቻ የሚጫወቱበት ካርድ

ሸዋሮቢት ላይ ከዙሁር ሶላት በኋላ ማን ይሠራል? ሙቀቱ ነጋዴውንም ባለባጃጁንም ሰብስቦ ጥላ ሥር ይከታቸዋል። የፋዲላ ልብስ ስፌት ቤት ግን የሚደምቀው በዚያ ሰዓት ነበር። ፋዲላ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች፤ በሩ ለአላፊ አግዳሚው ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ በሩ አጠገብ ካለችው ዝቅተኛ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ደግሞ ወንድሟ ሀሩንና የሀጂ አሊዪ ልጅ ሙሀባ ተቀምጠው በጫካ ይጣላሉ።

ጫካው የካርቶን ነው። ሀሩን አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ የገዛው የውጭ አገር የሰሌዳ ጨዋታ ነው፤ ስሙ ለአፋቸው አልመች ሲላቸው «ጥቅጥቅ» አሉት። ሰሌዳው ላይ ዛፍ የሞላው አገር ተስሏል፤ በዛፎቹ መሀል ገላጣ ቦታዎች አሉ፤ ገላጣዎቹን ቀጫጭን መንገዶች ያገናኟቸዋል። ቀበሮዎቹ አገሩን ገና ከመጀመሪያው ይዘውታል፤ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ጅግራዎቹ ግን ምንም የላቸውም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቀው ወዳጅ ሲያበዙ ይቆዩና አንድ ቀን ግልብጥ ብለው ይወጣሉ። የጠፉትን ጅግራዎች ሀሩን ከዋንዛ ፍልጥ ጠርቦ ተክቷቸዋል፤ አናጢ አይደል? እሱ ሁልጊዜ ቀበሮ ነው፤ ሙሀባ ሁልጊዜ ጅግራ።

ከጠረጴዛዋ ሲነሱ ነገሩ ይገለበጣል። ሀሩን የአጣዬ ልጅ ነው፤ አጣዬ በተቃጠለችበት ዓመት የአባቱ ቤትና የእንጨት ሥራቸው አብረው ነደዱ፤ ከዚያ ወዲህ ከእህቱ ጋር ሸዋሮቢት በኪራይ ቤት ይኖራል። ሙሀባ ደግሞ ከቀወት እስከ ሰንበቴ የማሾ እህል እየሰበሰበ በመኪና የሚጭን ነጋዴ ልጅ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከተመለሰች ጀምሮ የአባቷን መጋዘን የምትቆጣጠረው እሷ ናት፤ የከተማው ሰው ሁሉ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚወርሰው አማች ማን ይሆን እያለ በሐሜት ጉንጩን ያለፋል።

«ምንጩን ለምን አትይዘውም?» አለችው ያን ቀን፣ ሰሌዳው ላይ ያለችውን የምንጭ ገላጣ በጣቷ እየነካች። «ባዶ ነው። ብትይዘው ታሸንፈኛለህ።»

«ረሳሁት።»

«ትናንትም ረሳኸው፣ ከትናንት ወዲያም ረሳኸው! ወላሂ ሆን ብለህ ነው። ያዘንክልኝ ይመስል! እኔ ጅግራ ልሁን እንጂ ለማኝ አይደለሁም፤ ከፈለግህ በደንብ ተጫወት፣ ካልፈለግህ...»

«ሙሀባ፣ ለጨዋታ ወላሂ አይባልም፤» አለች ፋዲላ፣ በከንፈሯ መርፌ እንደያዘች።

ሀሩን ቀና ብሎ አያት። ይህ ሰው ሲናገር ቁጥብ ነው፤ ሲያይ ግን አይቆጥብም። ሙሀባ ሌላ ጊዜ የማያልቅባት ወሬ እዚያ ዓይን ላይ ሲደርስ ይጠፋባታል። ጎንበስ ብላ ጅግራዎቿን መደርደር ጀመረች፤ ቀድሞም የተደረደሩ ነበሩ።

«ማስፋፊያ አገኘሁለት፤» አላት።

«ለምኑ?»

«ለጥቅጥቅ። ሌላ ሣጥን ነው፣ በዚህ ላይ የሚጨመር። ሻጩ ደውሎ አለኝ አለኝ።»

«ምን ይጨምራል?»

«ወንዝ ይጨምራል። አዲሱ ሰሌዳ ጫካውን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ አለው። ክረምት ሲገባ ይሞላል፣ መንገድ ይዘጋል፤ ጀልባ የሌለው ማዶ አይሻገርም።»

«እንደ ሮቢ ወንዛችን በለኛ።»

«እንደ ሮቢ። ሦስተኛ ወገንም ይመጣል፣ ኤሊዎች። እነሱ አይዋጉም፤ ነጋዴዎች ናቸው። ለቀበሮም ለጅግራም ይሸጣሉ፤ ሁለቱ ወገኖች ካልተቀበሏቸው ማሸነፍ አይችሉም።»

«እነዚህማ ሽማግሌዎች ናቸው!» ብላ ሳቀች። «ከዚያ ቤት ወደዚህ ቤት፣ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት እየተመላለሱ...» አለችና ያለችው ገብቷት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ሽማግሌም ይላካል፤» አለ ሀሩን ቀስ ብሎ። «ኢንሻአላህ።»

ሙሀባ አንዲት ጅግራ አንስታ በጣቶቿ አሽከረከረች። ድምፅዋ ወደ ቦታው ሲመለስላት፣ «ሌላስ ምን አለው?» ብላ ጠየቀችው።

«ለብቻ የሚጫወቱበት ካርድ አለው። እስከ ዛሬ ከሁለት ሰው በታች አይሆንም ነበር። አሁን ሰው ከሌለ ካርዶቹ በሌላኛው ፈንታ ይጫወታሉ።»

«እሱ ደግሞ ለእኛ ምን ያደርግልናል?»

«ምንም፤» አለ ሀሩን። ሁለቱም ሳቁ። ያን ቀን ሙሀባ ወደ ቤቷ ስትሄድ ፀሐዩ አልታወቃትም፤ ጃንጥላዋን እንኳ ፋዲላ ቤት ረስታው ነበር።

* * *

ሽማግሌዎቹ ሄዱ። ከአጣዬ የተሰደዱ፣ ንግግር የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሀጂ አሊዪ አክብሮ ተቀበላቸው፣ አበላቸው፣ አጠጣቸው፤ ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ልጁን በክፉ አላውቀውም። ግን ቤት የለው፣ ንብረት የለው፤ አባት ነኝና አስባለሁ። ማሾው ይሰብሰብ፤ ልጅቷንም ልጠይቅ። እስከዚያ እንዳይገናኙ፣ እንዳይደዋወሉ፣ በሰውም መልእክት እንዳይላላኩ። የጨዋ ልጅ ነው ብላችሁኛል፤ በዚህ አየዋለሁ።»

ሀሩን ቃል ገባ። ሙሀባም በአባቷ ፊት ማለች። በዚህ አገር ሽማግሌ ከገባ በኋላ ቃሉን የሚያፈርስ ልጅ ራሱን ብቻ አያዋርድም፤ ሽማግሌዎቹን አብሮ ያዋርዳል። ሀሩን ቤት መሥሪያ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት አዲስ አበባ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ሊገባ እንደሆነ ሙሀባ የሰማችው እንደማንኛውም ሰው ከገበያ ወሬ ነው። ሀሩንን የጫነው አውቶቡስ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ ሲወጣ እሷ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ታስቆጥር ነበር።

ከሄደ በኋላ ፋዲላ በጨርቅ የተጠቀለለ ሣጥን ይዛ መጣች። በሩ ላይ እንደቆመች አቀበለቻት።

«ምን አለ?» አለች ሙሀባ፣ መሐላዋን ረስታ።

ፋዲላ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም ቃል አለብኝ። ስጫት ብሎኛል፣ ሰጠሁሽ፤» አለችና ፊቷን አዙራ ሄደች።

ሙሀባ ክፍሏን ዘግታ ሣጥኑን ከፈተችው። የድሮዎቹ ጅግራዎችና ቀበሮዎች በከረጢት ታስረውበታል። ወንዙም ነበረበት። ጀልባዎቹም ኤሊዎቹም ነበሩ፤ ግን ሁሉም ከፕላስቲካቸው ሳይወጡ ታች ተቀብረዋል። ከሁሉም በላይ የተቀመጠው በክር የታሰረ ካርድ ነው። አብሮት ሀሩን በእጁ ወደ አማርኛ የመለሰው የአጨዋወት ደንብ አለ። ስለ ወንዙ አልመለሰም። ስለ ኤሊዎቹ አልመለሰም። የመለሰው አንዱን ክፍል ብቻ ነበር፦ «ተጋጣሚ በማይኖርበት ጊዜ። ቀበሮው ከእንግዲህ ሰሌዳው አጠገብ አይቀመጥም። ካርዶቹ በእሱ ፈንታ ይጫወታሉ።»

ከዚያ በላይ አላነበበችም። ክሩንም አልፈታችውም።

አንዲት ቃል መላክ የማይችል ሰው ሐሳቡን በምን ይናገራል? በዚህ ነው እንጂ! አዲስ አበባ ገብቶ፣ የአባቷን መልስ አስቦ፣ መሆን እንደማይችል ገብቶት፣ ሳያሳፍራት ሊሰናበታት ፈልጎ ነው። ብቻሽን ልመጂው ነው የሚላት። ሙሀባ እንዲህ አሰበች፤ አንዴ ከታሰበ በኋላ ደግሞ ሁሉ ነገር ለዚህ ሐሳብ ምስክር ሆነ። የፋዲላ ፊት ማዞር፣ የኤሊዎቹ ታች መቀበር ሁሉ። ሣጥኑን ቁም ሣጥኗ ላይ ከሻንጣዎቹ ኋላ ወረወረችው። መጠየቅ አትችልም፤ ምላለቻ። ብትችልም ኩራቷ አይፈቅድላትም። ልቧን ግን እንዲያ ሆኖ አሟት አያውቅም።

* * *

ማሾው ሲሰበሰብ ከማጀቴ ከተማ ለልጃቸው ሊጠይቋት ሰዎች መጡ። ልጃቸው የተማረ፣ ሥራ ያለው፣ ስለ ጠባዩም ክፉ የማይወራበት ሰው ነው። ሀጂ አሊዪ ዓይኑ እንደበራ ሙሀባ አይታለች፤ ሆኖም ሰውዬው ፈሪሃ አላህ ያለው አባት ነበር። ሙሀባን ሳሎን አስጠርቶ፣ እናቷ መሪያም ባለችበት አስቀመጣት።

«ልጄ፣ ሁለት ቤት ጠይቆሻል፤» አላት። «እኔ የማጀቴውን እወዳለሁ፤ አልደብቅሽም። ግን የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ሀሩንን ነው የምትይ ከሆነ ዛሬ ንገሪኝ፤ ለማጀቴዎቹ ይቅርታ ጠይቄ እሸኛቸዋለሁ። አልቆጣም።»

ሙሀባ ምንጣፉን አየች።

«ሙሀባዬ፣ እየጠየቅሁሽ ነው። ሀሩን ይሁን?»

የተወኝን ሰው ስም እንዴት አድርጌ ልጥራ፣ አለች በልቧ። አዎ ብል አባቴ ማጀቴዎቹን አሳፍሮ ይሸኛል፤ ከዚያ ሀሩን ትቻታለሁ ቢልስ? አባቴ በገበያ መሀል ምን ይሆናል? እምቢ፣ ሁለቱንም አልፈልግም ልበል? ለምን ብሎ ይጠይቀኛል። ከንፈሯ ተላቀቀ፤ መሪያም ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ድምፅ ግን አልወጣም።

«እንግዲያስ የማጀቴው?» አለ አባቷ ለስለስ ብሎ።

ሙሀባ ዝም አለች።

ያላገባች ልጅ ስትጠየቅ ዝም ካለች፣ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው። ይህንን ሙሀባም ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በዘመዶቿ ኒካ ላይ ሰምታዋለች። የኒካው ዕለትም ሸሁ ከሁለት ምስክሮች ጋር በመጋረጃው ማዶ ቆሞ ሲጠይቃት ዝም አለች። ደግሞ ጠየቃት። ከሴቶቹ መሀል አንዷ፣ «ፈቃዷ ነው፣ አፍራ ነው!» ብላ እልል አለች። ምስክሮቹ ተያዩና ኒካው ታሰረ። ሙሀባ እልልታው እስኪያልቅ ድረስ የመጋረጃውን አበባ ስታይ ነበር፤ ምንም አልተሰማትም፤ የፈራችውም ይህንኑ ምንም አለመሰማቱን ነው።

* * *

የሠርግ ልብሱን ፋዲላ እንድትሰፋው ሙሀባ ሙጭጭ አለች። እናቷ ብትቆጣም አልሰማቻትም፤ ከኒካው ወዲህ የጠየቀችው ብቸኛ ነገር ነበር። ለልኬት ስትሄድ ሣጥኑን በፌስታል ይዛው ሄደች።

ፋዲላ ነጩን ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ በመርፌ ማያያዝ ጀመረች። እጇ ሸካራ ሆኖ ነበር። «እጅሽን አንሺ። ዙሪ።» ሌላ ቃል የለም። ከልጅነት ጓደኛ ያላነሰ ወዳጅ እንዲህ ሲሆን ከስድብ ይብሳል።

«ዕቃውን አምጥቼልሻለሁ፤» አለች ሙሀባ። «መልሺለት። እኔ ለብቻዬ አልጫወትም።»

«ምን?»

«ካርዱን ነዋ። ብቻሽን ልመጂው ብሎ የላከልኝን።»

የፋዲላ እጅ ቆመ። «ካርዶቹን አይተሻቸዋል?»

«ደንቡን አየሁት። ይበቃኛል።»

«ካርዶቹን አላየሻቸውም!» ፋዲላ መርፌዎቿን ጣለቻቸው። «ሙሀባ፣ አንቺ ልጅ፣ ምን አደረግሽ? ከመሄዱ በፊት እዚህች ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳምንቱን ሙሉ የጻፈውን? የፈረንጁን ካርድ ትቶ በነጭ ካርቶን እንደ አዲስ ነው የሠራው። 'የእነሱ ቀበሮ እንደ እኔ አይጫወትም፤ እስክመለስ እኔው ልጫወታት' አለኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብናገር መልእክት ይሆናል ብዬ ነዋ! አባትሽ መልእክት እንዳይላላኩ አላለም? እኔም ቃሉን እጠብቅለታለሁ ብዬ...» ፋዲላ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለች።

ሙሀባ ነጩን ጨርቅ እንደለበሰች ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ወንዙ ያለበትን ሰሌዳ ዘረጋች። ጅግራዎቿን ቁጥቋጦው ውስጥ፣ ቀበሮዎቹን በየገላጣው አቆመች። ክሩን ፈታች። የመጀመሪያውን ካርድ ገለበጠች።

«ቀበሮው ወደ ምንጩ መሄድ ይችል ነበር። ረስቶታል።»

ሳቀች። ጅግራዋን አራመደችና ሌላ ገለበጠች። «ጅግራዋ ማዶ ከሆነች ቀበሮው ሌላውን ሥራ ትቶ ጀልባ ይሠራል።» ሌላ ገለበጠች። «ጅግራዋ ተቆጥታለች። ቀበሮው ምንም አይናገርም፤ አንድ እርምጃ ያፈገፍጋል።» አጨዋወቱ ሁሉ እሱ ነው፤ ጥርጥር የለውም፣ ቁጥብነቱ ሳይቀር እሱ ነው። ፋዲላ ከኋላዋ ቆማ በየካርዱ «ያ ረቢ» ትላለች።

ከመሀል አንዱ ካርድ እንዲህ ይላል፦ «ቀበሮው እያሰበ ነው። ይቆያል፣ ግን ይጫወታል። ጠብቂው።»

ሙሀባ ካርዱን ደረቷ ላይ አድርጋ ጮኸች። ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ ከልቧ የወጣው የመጀመሪያ ድምፅ ቃል አልነበረበትም።

* * *

«ወንዙን ዘረጋሽው!»

በሩ ላይ ሀሩን ቆሟል። ሻንጣው ትከሻው ላይ ነው፤ የመንገድ አቧራ ቅንድቡን አንጥቶታል። ሽማግሌዎቹ የሀጂ አሊዪን መልስ ለፋዲላ ነግረዋት ነበር፤ እሷ ግን በስልክ የሚነገር አይደለም ብላ ይዛዋለች። ስለዚህ ፊቱ ላይ ደስታ ብቻ ነበር።

«እዚህ መሆንሽን አላወቅሁም፤ ቃሌን ላፈርስ አይደለም የመጣሁት፤» አለ በችኮላ። «ሽማግሌዎቹን ልልክ ነው። ፋዲላ፣ ቦታ አገኘሁ! ትንሽ ናት፤ ግን ቤት ይወጣታል። አሁን ሀጂ ምን ይለኛል? ቤት የለውም አይል...»

ያኔ ጨርቁን አየው። ነጩን፣ በመርፌ የተያያዘውን፣ ከትከሻዋ እስከ ወለሉ የተዘረጋውን።

ፋዲላ ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ገባች፤ በሩን ግን አልዘጋችውም።

«የማን ነው?» አለ።

«የእኔ።»

«መቼ?»

«ኒካው ታስሯል፣ ሀሩን።»

ሻንጣውን አወረደው። ወደ ወንበሩ አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። ያቺ ወንበር ለዓመታት ከእሷ ፊት ለፊት የተቀመጠባት ናት፤ ዛሬ ግን ሙሀባ የሰው ሚስት ናት፤ ሊቀመጥባት አይገባውም። ቆሞ ቀረ።

«አስገደዱሽ?»

«አላስገደዱኝም። አባቴ ጠየቀኝ። ስምህን ጠርቶ፣ ሀሩን ይሁን ብሎ፣ ደግሞ ደጋግሞ ጠየቀኝ። አፍ ነበረኝ። ዝም አልኩ።»

«ለምን?» ድምፁ ተሰበረ። «ስለማንም ስለምንም የማታወሪው የሌለሽ ልጅ! እኔ ላይ ስትደርሺ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትተኸኛል ብዬ ነዋ! ብቻሽን ተጫወቺ ያልከኝ መስሎኝ!»

«ብቻሽን እንዳትሆኚ ነበር እኮ፣ ሙሀባ።»

መንገዱ ላይ ባጃጅ አለፈ። ሁለቱም እስኪያልፍ ጠበቁት።

«ለሸሁ ንገሪው፤» አለ በመጨረሻ። «አልፈቀድኩም በይ። ካልፈቀድሽ ኒካው ኒካ አይደለም።»

ሙሀባ ይህን ሐሳብ እሷም በካርዶቹ መሀል አስባዋለች። ዓይኗን ከሰሌዳው አነሳች።

«ፈቅጃለሁ እኮ። ዝም ስል ምን እያልኩ እንደሆነ አውቅ ነበር። አሁን ሄጄ አልፈቀድኩም ብል ውሸቴን ነው፤ ያንንም አላህ ያውቃል፣ አባቴም ያውቃል። በውሸት ተጀምሮ አንተ ጋ ብመጣ፣ አንተ ራስህ ዓይኔን ታየኛለህ?»

ሀሩን አየዋለሁ ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። ቃል መጠበቅን ከሁሉ በላይ ያከበረ ሰው ነው፤ ቃሉን ባይጠብቅ ኖሮ ደግሞ አንዲት የስልክ ጥሪ ሁሉን ነገር ታድነው ነበር። ይህም ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየችው፤ ያንን ማየት ከሁሉም ከበዳት።

«ጨርሰሽ ልበሺው፤» አለ። «እንዳይወጋሽ መርፌውን ተጠንቀቂ።»

ሻንጣውን አንስቶ ወጣ። የአስር ሶላት አዛን እየተባለ ነበር። ሙሀባ ካርዶቹን ሰብስባ በክሩ መልሳ አሰረቻቸው።

* * *

ቤት ስትደርስ ሀጂ አሊዪ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ተቀምጧል። ከማጀቴ አማቾቹ ጋር ሲደዋወል ውሎ ፊቱ ፈክቷል። ሲያያት ስልኩን ዘጋና አጠገቡ ያለውን በርጩማ ሳበላት።

«ልጄ፣ ነይ እስቲ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትቀየሚኝ።» እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ያን ለት ዝም ስትዪ ሰዎቹ ሁሉ ፈቃዷ ነው አሉኝ። ሸሁም አለኝ። እኔ ግን ልቤ አልረጋልኝም። ሌሊት ሌሊት ያባንነኛል። ልጄ ብዙ ትናገራለች፣ ለምን ዝም አለችኝ እላለሁ። እናትሽም ከዚያ ወዲህ ከልብሱ ነገር በቀር አፏን አልከፈተችም ትለኛለች።»

ሙሀባ የአባቷን እጅ አየች። አርጅቷል። እስከ ዛሬ አላስተዋለችውም።

«ደስ ብሎሽ ነው?» አላት። «እስቲ በአፍሽ ንገሪኝ።»

ሀሩን አሁን መናኸሪያ ይሆናል። ወይም አውቶቡሱ ተነሥቶ ይሆናል።

«አዎ፣ አባ፤» አለች ሙሀባ። ድምፅዋ ጥርት ብሎ ወጣ። «ደስ ብሎኛል።»

«አልሀምዱሊላህ!» ሀጂ አሊዪ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ወደ ቤቱ ዞሮ በደስታ ተጣራ። «መሪያም! መሪያም ነይ ስሚ! ተናገረች!»